የጉልማ ነገር

በደቡብ ጎንደር ስላሉት የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ወጣቶች እንድናገር ስትጋብዙኝ ደስ ብሎኝ ነው የመጣሁት። እዚህ ቆሜ ስመለከት ግን ከፊት የተቀመጡት እንደኔው ፀጉራቸው የሸበተ ናቸው። ነገሩ የሚመለከታቸው ልጆች ከኋላ ናቸው፤ ጥቂቶቹም ወንበር አጥተው በሩን ተደግፈው ቆመዋል። ይህን የምለው አዘጋጆቹን ለመውቀስ አይደለም። በአገራችን ወግ ሽማግሌ ከፊት ወጣት ከኋላ ነው፤ እኔም ያደግሁት በዚሁ ነው። ብቻ ነገሩን ያዙልኝ።

ዛሬ የምናገረው ስለ አንዲት ቃል ነው። ቃሏ ጉልማ ትባላለች። በዕድሜ የገፋችሁት ታውቋታላችሁ፤ ከተማ ያደጋችሁት ምናልባት ሰምታችኋት አታውቁም። መጀመሪያ ጉልማ ምን እንደ ነበረችና እንዴት ከእጃችን እንደ ወጣች እናገራለሁ፤ ከዚያ ስለ ሙያ እመጣለሁ፤ መጨረሻ ላይ ጉልማ ኖሯቸው ስለማያውቁት፣ ስለ ሴት ልጆቻችን እላለሁ። ስለ ብድርና ስለ መደራጀት መሀል ላይ ቶሎ እላለሁ፤ እሱን ሁላችሁም ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ።

ጉልማ አባት ከማሳው ዳር ቆርሶ ላላገባ ልጁ የሚሰጠው መሬት ነው። ልጁ የአባቱን እርሻ ሳያጓድል፣ በአባቱ በሬ፣ በተረፈው ሰዓት ያርሰዋል። ምርቱ ግን የልጁ ነው። ይሸጠዋል፣ ጠቦት ይገዛበታል፣ ለጥምቀት ልብስ ያወጣበታል። ታላቅ ወንድሜ ጉልማ ሲቀበል አስታውሳለሁ። ከጉና ጀርባ፣ ዳገት ላይ ያለች፣ ከግማሽ ጥማድ የማትበልጥ ድንጋያማ መሬት ናት። አባታችን «ገብስ ዝራባት» አለው። ወንድሜ ምስር ካልዘራሁ አለ። አባታችን ዝም አለ። በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ ውርጭ መታውና ወንድሜ የዘሩን ያህል እንኳ አላገኘም። አባታችን አንድ ቃል አልተናገረውም። በሚቀጥለው ክረምት ወንድሜ ራሱ ቀርቦ «የገብስ ዘር ስጠኝ» አለው። አባታችን አበደረው እንጂ አልሰጠውም፤ በመከሩ ጊዜም በዚያችው ቁና ሰፍሮ ተቀበለው።

ያን ጊዜ ልጅ ነበርኩና አባታችን የጨከነ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ከዚያ የበለጠ ትምህርት አላየሁም። ወንድሜ ሲሳሳት ቤተሰቡ አልተራበም፤ ስሕተቱ የጉልማዋን ያህል ትንሽ ነበረች። ግን የራሱ ነበረች፤ ስለዚህ ዘለቀችው። ከሁሉም በላይ ማታ እሳት ዳር ስለ ዝናብና ስለ አረም ሲወራ፣ ከዚያ ወዲህ አባታችን ወደ እሱ ዞር ብሎ «ያንተስ እንዴት ናት?» ማለት ጀመረ። አንድ ልጅ ሰው የሚሆነው ጢም ሲያበቅል አይደለም፤ እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ ነው።

በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ዛሬ «ወጣቶችን ማብቃት» እንላለን። ቃሉ ሸጋ ቃል ነው፤ ይሁንና አማርኛችን ውስጥ ሁለት መንገድ አለው። እናት ልጇን ስትመርቅ «ለወግ ለማዕረግ ያብቃህ» ትላለች፤ ይህ ማብቃት ማድረስ ነው። «ነገሩ አበቃ» ስንል ደግሞ ማለቁ ነው። ብዙ ፕሮጀክቶች አይቻለሁ፤ ወጣቱን ለማብቃት ተጀምረው በሁለተኛው ትርጉም ያበቁ። እናቲቱ ግን የት መድረስ እንዳለበት ታውቃለች። ወግ ማዕረግ ማለት ጎጆ መውጣት ነው፦ የራስ ምድጃ፣ የራስ በር፣ በዕድር መዝገብ ላይ የራስ ስም። በእኛ ተራራ ላይ ዛሬ ያለው ችግር ልጁ መሄድ ስላቃተው አይደለም። የሚደርስበት ቦታ ስለጠፋ ነው።

እዚህ ላይ ወደ መሬቱ እገባለሁ። አገራችንን ታውቋታላችሁ። ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ከእሱ ጉማራና ርብ ወደ ጣና ይወርዳሉ፤ በሌላው ወገን ውሃው ወደ ተከዜ፣ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ገደል ይሄዳል። በአንድ ቀን የእግር መንገድ ከውርጭ ተነስቶ ማሽላ ከሚበቅልበት ቆላ መድረስ ይቻላል። መሬቱ ያረጀ፣ የታጠበ፣ የተቆራረሰ ነው። በአማራ ክልል የመጨረሻው ትልቅ የመሬት ሽግሽግ የተደረገው በ1989 ዓ.ም. ነው፤ ኢሕአዴግ ቀድሞ በያዛቸው አካባቢዎች ደግሞ በ1983 ግድም ተደርጎ ነበር። ከዚያ ወዲህ አጠቃላይ ክፍፍል የለም። በኋላ የይዞታ ደብተር መጣ፤ የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን የተለጠፈበት፣ ገበሬው በሳጥን ቆልፎ የሚያስቀምጠው ደብተር። ደብተሩ ጥሩ ነገር ነው፤ የድንበር ክርክር ቀንሷል፣ መበለቲቱን ከባሏ ወንድሞች አድኗታል። ነገር ግን ደብተሩ በሩንም ዘጋ። በ1989 የተወለደ ልጅ ዛሬ ሠላሳውን ሊደፍን ነው፤ መሬቱ ሲከፈል እሱ እናቱ ጀርባ ላይ ታዝሎ ነበር። ሕጉ እንደገና መሸጋሸግ የሚፈቅደው ባለይዞታዎቹ ራሳቸው በብዛት ከተስማሙ ነው። ባለይዞታዎቹ እነማን ናቸው? እኛ ነን፤ ከፊት የተቀመጥነው።

መሬት ዳግመኛ ይከፋፈል እያልሁ እንዳይመስላችሁ። በእኛ አገር መሬት ዛሬ እኩል ቢከፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ከወንድሜ ጉልማ እምብዛም አይበልጥም፤ በሚቀጥለው ትውልድ ደግሞ የበሬ መዞሪያ እንኳ አይተርፍም። የምለው ሌላ ነው። አባት ሁለትና ሦስት ጥማድ ብቻ ሲኖረው ለልጁ ጉልማ ቆርሶ መስጠት አይችልም። ስለዚህ ከመሬቱ ጋር ያ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ልጁ እስከ 30 ዓመቱ የአባቱን መሬት ያርሳል፤ አንድም ቀን የራሱን ስሕተት ሳይሳሳት፣ አንድም ቀን «ያንተስ እንዴት ናት?» ሳይባል።

ለችግረኛ ቤቶች በሥራ እህልና ብር የሚሰጠው ሴፍቲኔትም እንደዚሁ ነው። በ1997 ሲጀመር ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ገብተውበታል፤ ብዙ ቤት ከረሃብ አድኗል፣ ስሙን በክፉ አላነሳውም። ግን አሠራሩን ተመልከቱ። ዝርዝሩ በአባወራ ነው። ዳገት ላይ ድንጋይ የሚሸከመው፣ እርከን የሚክበው ብዙ ጊዜ ልጅየው ነው፤ ስንዴውም ብሩም በአባት ስም ይመጣል። ልጁ አግብቶ ጎጆ ሲወጣ ደግሞ ዝርዝሩ ሞልቷል ይባላል። በመንግሥት ዓይን ይህ ሰው ገና የአባቱ እጅ ነው።

ታዲያ ልጁ ምን ያደርጋል? ይወጣል። የላይ ጋይንትን ዋና ከተማ ነፋስ መውጫ ብሎ የሰየመ ሰው ነቢይ ሳይሆን አይቀርም፤ ቻይናዎች በደርግ ዘመን ከወረታ እስከ ወልድያ የዘረጉት መንገድ በዚያ አልፎ ነፋሱንም ልጁንም ይዞ ይሄዳል። በክረምት ለሰሊጥ አረም፣ በመስከረምና በጥቅምት ለአጨዳ፣ ወደ መተማ፣ ወደ ቋራ፣ ወደ ሁመራ። ከደጋ የወረደ ልጅ ሜዳ ላይ ያድራል፤ የወባ ትንኝም የአሸዋ ዝንብም ያገኘዋል። በ1997 ዓ.ም. በጎረቤታችን ሊቦ ከምከም ካላዛር የተባለው በሽታ በወረርሽኝ መልክ ሲገኝ፣ የመነሻው ፍለጋ ሐኪሞችን ከቆላ የሰሊጥ እርሻ ወደ ተመለሱ የቀን ሠራተኞች አደረሳቸው። ልጁ ሲመለስ ሁለት ነገር ይዞ ይመጣል፤ የጨርቅ ቋጠሮ ውስጥ ጥቂት ብር፣ ሰውነቱ ውስጥ በሽታ። ብሩ ለአባት ዕዳ፣ ለእህት ደብተር ይሄዳል። ሰሊጥ ማጨድ ነውር አይደለም። ነገር ግን አሥር ዓመት ያጨደ ልጅ በአሥረኛው ዓመት የሚያውቀው በመጀመሪያው ዓመት ያወቀውን ነው። ላቡን ይሸጣል እንጂ እውቀት አይከማችለትም።

ሌላው መውጫ ትምህርት ነው። ከገጠር ቀበሌ የመጣ ተማሪ ወረዳ ከተማ ላይ ከሦስትና ከአራት ጓደኛ ጋር አንድ ክፍል ይከራያል፤ ቅዳሜ ወደ ቤቱ በእግሩ ሄዶ እሑድ ማታ የሳምንት ስንቅ ተሸክሞ ይመለሳል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ይደርሳል። በ2014 ዓ.ም. አገር አቀፉን ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ስለ ፈተናው አጠባበቅ፣ ስለ ጦርነቱ፣ ስለ መምህራኑ ብዙ ተብሏል። እኔ የማስበው ስለ ቀሪዎቹ 97 ነው። አሥራ ሁለት ዓመት በትከሻው ስንቅ ያመላለሰ ልጅ ወድቆ ወደ አባቱ ሁለት ጥማድ ሲመለስ፣ ማረስም አልተማረም፣ ሌላም አላገኘም። በዚህ ላይ በነሐሴ 2013 የሰሜኑ ጦርነት ነፋስ መውጫ ድረስ ገባ፤ ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልላችን የሆነውን ታውቃላችሁ፤ ደወል የማይደወልበት ትምህርት ቤት ሞልቷል። ጠመንጃ የያዘ ሁሉ፣ በየትኛውም ወገን ይሁን፣ መጀመሪያ የሚፈልገው ሥራ የሌለውን ልጅ ነው። ከዚህ በላይ አልልም።

አሁን ስለ ብድር በአጭሩ። በ1996 የወጣው የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት ማለት ከ15 እስከ 29 ዓመት ነው ይላል። በ2009 የፌዴራል መንግሥት 10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ አቋቋመ። ገንዘቡ ለእኛም ወረዳዎች ደርሷል። ለመውሰድ ግን መደራጀት ያስፈልጋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ድር የሚያብረው አንዱ ከሌላው ጋር ሲፈተል ነው፤ ሰኞ በአዳራሽ የተገናኙ አምስት ልጆች ሐሙስ ቀን ማኅተም አስቀርጸው ማኅበር ሲባሉ አንበሳ ቀርቶ ጠቦት አያስሩም። አንዱ ወደ መተማ ሲሄድ የእሱ ዕዳ በአራቱ ላይ ይወድቃል። ጉልማ የአንድ ሰው ነበረች፤ ትንሽ ነበረች፤ ያበደረውም የሚያውቀው አባቱ ነበር። ይህ ብድር የማንም ያልሆነ፣ ትልቅ የሆነ፣ ከማያውቁት የመጣ ነው። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ እሱን አልፌ ወደ ሙያ እሄዳለሁ፤ ዛሬ ማታ ልቤ ያለው እዚያ ነው።

ተራራችን ሁልጊዜ ልጆቹን ብቻ የሚያስወጣ አልነበረም፤ የሌላ አገር ልጆችንም ያስመጣ ነበር። የጋይንቷን ቤተልሔም አስቡ። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከትግራይ የተነሳ ተማሪ ደበሎውን ደርቦ፣ አኩፋዳውን አንግቦ፣ በውሻ ተነክሶ፣ ኮቾሮ እየቆረጠመ የሚመጣው ወደ እሷ ነበር። ምክንያቱም የቅዱስ ያሬድን ድጓ በቤተልሔም ስልት ተምሮ ማስመስከር የሚቻለው እዚያ ነው። ሌላ ቦታ የተማረ ይማራል፤ ለመምህርነት የሚታመነው ግን በቤተልሔም ፊት ቆሞ ሲያዜም ነው። ዓመታት ይፈጃል። ብዙው ተማሪ ድጓውን በገዛ እጁ ይጽፋል፤ ከፍ ያለው ዝቅ ያለውን ያስተምራል፤ ማንም ደመወዝ አይከፍለውም። ነፋስና ውርጭ የሚፈራረቁበት፣ ከንጉሥ ከተማ የራቀ ተራራ የመላ አገሩ ሚዛን ነበር። እዚያ የተመሰከረለት ልጅ የሚሄድበት ሁሉ የሚያውቀው ነገር አብሮት ይሄዳል። በሌላ አነጋገር፣ የማይወረስ ጉልማ ነው።

ከቤተልሔም ጋር ሌላ ቦታ ላስተያይ። ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት አለች። ዐፄ ቴዎድሮስ በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ሚሲዮን የመጡ የእጅ ባለሙያዎችን እዚያ አስቀምጠው መድፍ አስቀለጡ፤ የአገር ልጆችም ከእነሱ ሥር ሆነው ተማሩ። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ክብደቱ 7 ቶን ገደማ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር አስነስተው፣ በጋይንት በኩል መንገድ እያስጠረጉ፣ ራሳቸውም ድንጋይ እያነሱ፣ የበሽሎን ገደል አሻግረው በመጋቢት መቅደላ አደረሱት። ዛሬ በአንድ ቀን የሚነዳ መንገድ ስድስት ወር ገደማ ፈጀ። ይህን ታሪክ ስንተርክ የምንኮራው በመድፉ ነው። እኔ የማዝነው ግን በልጆቹ ነው። ብረት ማቅለጥ የተማሩ እጆች የት ገቡ? ንጉሡ በሚያዝያ ሞቱ፤ ጋፋትም ከእሳቸው ጋር ጠፋች። ጋፋት የንጉሡ ነበረችና። ብረቱም፣ ምድጃውም፣ ትእዛዙም የንጉሡ፤ ለተማሪዎቹ የራሴ የሚሉት አንዳች አልተረፈላቸውም። ከዚያም ላይ ቀጥቃጭና ሸማኔን ቡዳ የሚል አገር ለተማሩት እጆች ቦታ አልነበረውም።

እነዚያ ባለሙያዎች ከመጡበት አገር ያለውንም ልንገራችሁ፤ ስዊዘርላንድም በአንድ ዘመን ተራራዋ ልጆቿን የማይመግብ አገር ነበረች። የተራራው ወጣት ለብዙ መቶ ዓመታት የሚወጣው ለሌላ አገር ነገሥታት በደመወዝ ለመዋጋት ነበር፤ የእነሱ መተማ ይህ ነበር። በጁራ ተራሮች ግን ሌላ ነገር ሆነ። ከ18ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ክረምቱ ሲበረታና በረዶው በር ሲዘጋ፣ ገበሬው መስኮቱ ሥር ጠረጴዛ አኑሮ የሰዓት ጥርሶችንና ብሎኖችን መሥራት ያዘ። አንዱ አንድ ክፍል ብቻ ይሠራል፤ ነጋዴው ሰብስቦ ያገጣጥማል። መሣሪያው ትንሽ ነበር፣ ጠረጴዛው የራሱ ነበር፣ ቢሳሳት የሚጠፋው አንድ ብሎን ነው። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው የስዊስ ሰዓት አንዱ መነሻው ከዚህ መስኮት ሥር ነው። ጋፋትና ጁራ የተለያዩት በእውቀት አይደለም፤ ጠረጴዛው የማን ነው በሚለው ነው።

ስለዚህ በየወረዳችን ያሉትን የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ሳይ ሁልጊዜ የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ልጁ ብየዳ ተማረ፤ መልካም። ሲመረቅ ማሽኑ ኮሌጁ ውስጥ ይቀራል፤ ልጁ ወረቀት ይዞ ይወጣል። አምስት ቀን ሥልጠና ተሰጥቶ፣ ምሳና አበል ተከፍሎ፣ ምስክር ወረቀት ታድሎ መሄድም አለ። ቤተልሔም ወረቀት አትሰጥም ነበር፤ ምስክር ትሰጥ ነበር። ሁለቱ ለየቅል ናቸው። እኔ ብሆን ሠልጣኙን ከሁለት ዓመት በኋላ ገበያ ላይ አግኝቼ የሠራውን በር አንኳኩቼ አየዋለሁ፤ ኮሌጁም የሚመዘነው ስንት አስመረቀ ተብሎ ሳይሆን ስንት የተንኳኳ በር አለው ተብሎ ይሁን። የበያጁን መሣሪያ ደግሞ ልጁ በብድር ይውሰደው፤ በራሱ ስም፣ በቁና ተሰፍሮ የሚመለስ ብድር፤ አባታችን ለወንድሜ እንዳደረገው።

ወደ መጨረሻው ክፍል መጣሁ። እስካሁን ስለ ልጅ ስናገር ወንድ ልጅ ነው የነበረው፤ አንዳንድ እናቶች ሲያዩኝ ታዝቤያለሁ። ልክ ናችሁ። ጉልማ የወንድ ነበረች። ሴት ልጅ የነበራት ቢበዛ አንዲት ዶሮ ናት፤ እሷንም እንግዳ ሲመጣ ያርዱባታል።

ከእስቴ የተነሳ አንድ ልጅ ይህን ገና በልጅነቱ ጠይቆ ነበር። እናቴ ከአባቴ ጋር እርሻ ላይ ውላ ስትመለስ፣ አባቴ ሲያርፍ እሷ ለምን ትፈጫለች፣ ለምን ውሃ ትቀዳለች፣ ለምንስ እግሩን ታጥባለች አለ። ልጁ ዙምራ ኑሩ ነው። ጥያቄው ቤተሰቡን አስደነገጠ፤ አእምሮው ተነካ እስከ መባል ደረሰ። ዙምራ ትምህርት ቤት አልገቡም፤ አገር ለአገር ዞረው በ1964 ዓ.ም. ፎገራ ውስጥ አውራ አምባን መሠረቱ፤ በደርግ መጨረሻ ተሰደው እስከ ቦንጋ ሄደው ተመለሱ፤ በኋላም የክብር ዶክትሬት ተሰጣቸው። እዚያ ወንዱ ይፈትላል፣ ሴቷ ትሸምናለች፣ እርፍም ትጨብጣለች። አውራ አምባን በሁሉም ነገሯ መቀበል አይጠበቅብንም፤ እኔም ከእምነቴ የማይስማማ ነገር አይቼባታለሁ። የማስተውለው ግን ይህ ነው፦ የእኛ አገር ወጣት ሐሳብ አፈለቀ፣ ሐሳቡን የሚሞክርበት ቦታ ግን እዚህ አላገኘም። ጉልማውን ለማግኘት ከእስቴ መውጣት ነበረበት።

በሕጋችን ሴት ልጅ ከ18 ዓመት በፊት አትዳርም፤ የቤተሰብ ሕጉ ይህን ይላል። ሠርጉ ግን በሌሊት ይሆናል፤ ወይም ዕድሜዋ በአንድ ጀምበር ያድጋል። በ1996 ዓ.ም. በምዕራብ ጎጃም ሞሰቦ በተባለ ቀበሌ ብርሃነ ሔዋን የሚባል ሥራ ተጀመረ። ልጃገረዶች በማኅበር ይገናኙ ነበር፤ ትምህርት ቤት ላሉት ደብተርና እርሳስ ይሰጥ ነበር፤ ወላጅ ልጁን ሳይድራት ሁለት ዓመት ከቆየ በሕዝብ ፊት ለቤቱ በግ ይሰጥ ነበር። በኋላ የተደረገው ጥናት ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጆች ጋብቻ እጅግ መቀነሱንና ትምህርት ቤት የመቆየት ዕድላቸው መጨመሩን አሳየ። አንዳንድ ሰው «ሴት ልጅ በበግ ትለወጣለች ወይ?» ብሎ ቀልዷል። እኔ ግን በጓን አልናቅኋትም። በጓ የሰጠችው ሥጋ አይደለም፤ ልጅቱ ያላገባች ሆና በቤቱ ውስጥ አንድ ነገር አመጣች ማስባሏ ነው።

ወደ ራሳችን ዞን ልመለስ። ኬር ኢትዮጵያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2010 እስከ 2013 በደቡብ ጎንደር «ተስፋ» የተባለ ፕሮጀክት አካሂዷል። የፈለገው ያላገቡትን ሳይሆን ሁሉም የረሷቸውን፣ በልጅነታቸው ያገቡትን ነው፤ 5,000 ያህል ልጆች። እንደ ቁጠባ ማኅበር ተሰባስበው በየጊዜው ጥቂት ብር ያዋጣሉ፤ ከተጠራቀመው ለአንዷ ያበድራሉ፤ እንቁላል ነግዳ፣ ጨው ሸጣ ትመልሳለች። ስለ ጤና፣ ስለ ወሊድ፣ ከባልና ከአማት ጋር ስለ መነጋገር ይማራሉ። ከጎናቸው ቄሶችና ሽማግሌዎች እንዲመክሩ ተደርጎ ነበር፤ ሽማግሌ ይህን አያደርግም የምትሉ ካላችሁ ተሳስታችኋል፤ ብዙ ሽማግሌ አደረገው። እኔን የገረመኝ ግን በኋላ የሆነው ነው። ፕሮጀክቱ ከተዘጋ ከዓመታት በኋላ ተመራማሪዎች ተመልሰው ሲሄዱ ማኅበሮቹ መቀጠላቸውን ብቻ አይደለም ያገኙት፤ ማንም ያላደራጃቸው ሌሎች ልጆች የጎረቤቶቻቸውን አይተው የራሳቸውን ማኅበር መሥርተው ነበር።

ለምን ይህ ቀጠለና ያኛው የአዳራሽ ማኅበር ተበተነ? እኔ ሳስበው፣ የእነዚህ ገንዘብ ከራሳቸው መቀነት የወጣ ነበር። ሳጥኑ ሦስት ቁልፍ አለው፤ ሦስቱንም ቁልፍ ሦስት ልጆች ይይዛሉ፤ አንዷ ብቻዋን ልክፈት ብትል አይከፈትም። ትንሽ ነው፣ የራሳቸው ነው፣ ስሕተቱም በእነሱ ልክ ነው። ዕቁብን የሚያውቅ ሕዝብ ይህን እንደ አዲስ ነገር ሊያየው አይገባም ነበር፤ እኛ የተማርነው ዕቁብን ለአሥራ ስድስት ዓመቷ ሙሽራ አምነን መስጠትን ነው።

እንግዲህ እዚህ ያላችሁ የወረዳና የቀበሌ ሹማምንት አንድ ነገር ልለምናችሁ። በየቀበሌው የተከለለ የወል ተራራ አለ፤ ሣሩ የሚታጨድበት፣ ንብ የሚያሠማሩበት። ለወጣት ማኅበራት ይሰጣል፤ ተሰጥቷልም። ስትሰጡ ግን ለማኅበሩ በጅምላ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ልጅ፣ ለሴቷም ለወንዱም፣ ድንበሩ በድንጋይ ተለይቶ፣ ስሙ በደብተር ተጽፎ ስጡት። ሣሩን በሬ ያድልብበት፣ ቀፎ ይስቀልበት፣ ዛፍ ይትከልበት። ምስር ዘርቶ ውርጭ ቢመታው አትቆጡት። የሴፍቲኔቱንም ዝርዝር አንድ ጊዜ ክፈቱት፤ ጎጆ የወጣ ልጅ በራሱ ስም ይቆጠር።

አባቶች፣ ከእናንተም የምለምነው አለ፤ እሱ ገንዘብ አይጠይቅም። ማታ ቤታችሁ ስትገቡ እርሻ የሌለውን ልጃችሁን፣ ከመተማ የተመለሰውንም፣ ከፈተናው የወደቀችውንም፣ «ያንተስ እንዴት ናት? ያንችስ እንዴት ናት?» በሏቸው። መልስ ላይኖራቸው ይችላል። ጥያቄው ግን ይቅደም።

የስብሰባው መሪ አሁን ጥያቄ ትቀበላለህ ብለውኛል፤ እንደ ልማዳችን ከፊት ወንበር እንዳይጀመር እለምናቸዋለሁ። ከበሩ አጠገብ ከቆሙት ይጀመርልኝ። አንቺ በስተግራ ያለሽው፣ ነጠላሽን ያጣፋሽው፤ ቅድም እጅሽን አውጥተሽ መልሰሽዋል። ነይ ወደዚህ፤ ወንበሬ ባዶ ነው፤ እኔ ቆሜ እሰማለሁ።